አራቱ «እኔ ነኝ» ባዮች

የመኪና አደጋ መርማሪው መታወቂያው ላይ ሌላ ስም አለው፤ ሰው የሚጠራው ግን «ጋሽ እህሳ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣችለት ከአፉ የማትለየው አንዲት ቃል ናት። ሌሎች መርማሪዎች ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጠረጴዛ ደብድበው የሚያወጡትን ነገር እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ ቦርጩን በሁለት እጁ አቅፎ «እህሳ?» ይላል። ከዚያ ጭጭ። ሰው ደግሞ ዝምታ አይችልም፤ ይለፈልፋል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለፈለፍለት የኖረው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው። «እኔ የለሁበትም!» የጭነት መኪና ሹፌሩ የለበትም፣ የአውቶቡሱ ባለቤት የለበትም፣ መንገዱን የሠራው ሰውዬ የለበትም። አንዳንዴማ መኪናው ራሱን ገልብጦ ራሱን የገጨ ነው የሚመስለው። ጋሽ እህሳ ይህን ስለለመደው፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው የገጠመው ጉዳይ ግራ አጋባው።

ጉዳዩ የጋሽ ፉጨት ሞት ነበር። ጋሽ ፉጨት በከተማው የመኪና እሽቅድምድም ውስጥ በዕድሜ አንጋፋው ነበር፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ። በሬዲዮ ከቡድኑ ጋር ሲገናኝ፣ መኪናው እየበረረ እሱ ሄልሜቱ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። ባለፈው እሑድ፣ በዘጠነኛው ዙር፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ ቀጥሎ ያለችው የግራ መታጠፊያ ላይ መኪናው ሳይታጠፍ ቀረ። የጎማውን ክምር በትኖ ግድግዳውን መታ። ጋሽ ፉጨት እዚያው አረፈ።

የውድድሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ እህሳን ቢሮው አስጠርቶ አንድ ቅጽ ሰጠው። «የአደጋው መንስኤ» ይልና ከሥሩ አምስት ባዶ ሳጥኖች አሉት።

«ያው እንደሚያውቁት ሰውየው ዕድሜውም ገፍቶ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። «እዚህ ጋ 'የአሽከርካሪ ስህተት' የምትለዋ ላይ ምልክት ቢያደርጉባት ሁላችንም እንገላገላለን። ለሚቀጥለው ውድድር አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረን።»

«እህሳ?» አለ ጋሽ እህሳ።

ሊቀመንበሩ አሳለውና ውኃ ጠጣ።

ጋሽ እህሳ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና መንገዱን ሊያይ ሄደ። እንዲያው ለነገሩ፣ እሱ ራሱ መኪና ሲነዳ ከአርባ አያልፍም። ሚስቱ «በእግራችን ብንሄድ እንቀድም ነበር» እያለች ስትስቅበት ነው የኖረችው። ሌላው ሰው ሲነዳ ማየት ግን ይወዳል፤ ጋሽ ፉጨት ያቺን መታጠፊያ በፉጨት ሲያልፋት ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ አጨብጭቧል። አሁን እዚያችው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ አስፋልቱ ላይ የቀሩትን ጥቁር የጎማ መስመሮች በሜትር ለካ። ሦስቱ ጎማዎች አንድ ሐሳብ ነበራቸው። የቀኙ የፊት ጎማ ግን ግድግዳው ከመድረሱ ገና ሃያ ሜትር ሲቀረው ከሌሎቹ ተኳርፎ ወደ ጎን ሄዷል። ጋሽ እህሳ ይህችን ማስታወሻው ላይ ጻፋት፤ ከሥሯም ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

ከዚያ ወደ ጋሽ ፉጨት ጋራዥ ሄደ። ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግቢ ይጋራል። የተጨራመተው መኪና ሸራ ለብሶ መሐል ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ መካኒኩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መካኒኩ የጋሽ ፉጨት ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኖቹ አብጠዋል፤ ጥፍሮቹ ግን ንጹሕ ናቸው። መካኒክ ጥፍሩ ከጸዳ ሥራ ከፈታ ቆይቷል ማለት ነው።

ጋሽ እህሳ ገና ወንበር ሲፈልግ መካኒኩ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ በከንቱ አይድከሙ። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ እህሳ «እህ…» ብሎ ቀረ።

«ዓርብ ዕለት መሪውን ከቀኝ ጎማ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ቀየርኩለት። ብሎኑ በመለኪያ ቁልፍ ነው መጥበቅ ያለበት። መለኪያውን ደግሞ ለጎረቤት አውሼ ነበር። በእጄ ግምት አጠበቅኩት። ላልቶ ወልቆ ነው! ያሳስሩኝ!»

ጋሽ እህሳ እስክሪብቶውን ሳያወጣ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀውላላው ነው፤ የጋሽ ፉጨት ዋና ተፎካካሪ። ሃያ ዓመት በየውድድሩ ሲነካከሱ፣ ማታ ደግሞ አብረው ካርታ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ልጅ እንዳይሰሙት» አለ ቀውላላው። «እኔ ነኝ። በውስጥ በኩል ልቀድመው ገብቼ ጎኑን ነካሁት። መኪናዬ ላይ የሱ ቀለም አለ፤ መጥተው ይዩ።»

«አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለ መካኒኩ። «ብሎኑ ነው አልኩ እኮ!»

«ብሎን ብሎን አትበልብኝ! ሰው የገፋሁት እኔ፣ አንተ ምን አገባህ?»

«የኔን ጥፋት ልትወስድብኝ ነው?»

ሁለቱ ደረት ለደረት ተገጣጠሙ። ጋሽ እህሳ በሥራ ዘመኑ ሰው ጥፋት ሲሻማ ያየው ያን ቀን ነው። ሊገላግላቸው ሲነሳ የቤቱ በር ተከፈተና የጋሽ ፉጨት ሚስት ሻይ በትሪ ይዛ ወጣች። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ድምጿም እንደ ሥራዋ ነው።

«ዝም በሉ ሁለታችሁም!»

ዝም አሉ። ትሪውን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጋሽ እህሳ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ እነዚህ የሚያወሩትን አያውቁም። እኔ ነኝ። ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣው። ስድሳ ሲሞላህ ታቆማለህ አልኩት፤ አላቆምም አለ። እንግዲያው ምሳም ከኔ አትጠብቅ አልኩት። ቁርሱን ሳይቀምስ፣ አኩርፎ ወጣ። ባዶ ሆዱን ራሱን አዙሮት ነው።» ቶሎ ወደ ሻዩ ዞረች። «ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

«ሁለት» አለ ጋሽ እህሳ።

በማግስቱ ቢሮው በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጠበቀው። ፀጉር አስተካካይ ነው።

«የጋሽ ፉጨትን ፀጉር ቅዳሜ ማታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ። «አብዝቼ አሳጠርኩት። ሄልሜቱ ላልቶበት ዓይኑን ጋርዶት ይሆናል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

ያን ቀን ማታ ጋሽ እህሳ ለሚስቱ ይህን ሲያወራላት ሹካዋን አስቀምጣ ሰማችው።

«አራት ሰው?»

«አራት። እንግዲህ ነገ አምስተኛው ይመጣል።»

«እንግዲያው እኔንም ጻፈኝ» አለች። «እሑድ ዕለት ጎማ ተነፈሰ ብሎ ጎረቤት ሲጮኽ መስኮት እንኳ አልከፈትኩም።» ሳቁና ሳቁ። ቀጥላ ግን «ምስኪኖች» አለች፤ «ቶሎ ገላግላቸው።»

ቶሎ ሊገላግላቸው ከቀላሉ ጀመረ። ሄልሜቱን አስከሬኑ ከተወሰደበት ሆስፒታል አስመጥቶ አየው፤ ማሰሪያው እንደተቆለፈ ነበር፤ ሐኪሞቹ በመቀስ ቆርጠው ነው ያወጡት። ፀጉር አስተካካዩ ይህ ሲነገረው እፎይ አለ፤ ሆኖም ከነገሩ መውጣቱ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም። «እርግጠኛ ነዎት? ሌላ የምረዳዎት ነገር የለም?» ብሎ በር ላይ ቆሞ ጠየቀ።

ቀጥሎ ቀውላላው። ከተመልካቾች አንዱ መታጠፊያዋ ጋ ሆኖ በስልኩ የቀረጸው ፊልም ተገኘ። ጋሽ እህሳ ቀውላላውን ወንበር አስቀምጦ አሳየው። ሁለቱ መኪኖች መሐል ሌላ መኪና የሚገባበት ክፍተት ነበር።

«ታዲያ ቀለሙስ?»

«የነካኸው በአራተኛው ዙር ነው፤ እሱም በግራ ጎኑ። ከዚያ በኋላ አምስት ዙር በደህና ዞሯል።»

ቀውላላው ፊልሙን ደግሞ አየው። ሦስተኛ ጊዜም አየው። ከዚያ «ለካ በዘጠነኛው ዙር ያን ያህል ቀድሞኝ ነበር?» አለ፤ የደስታና የቅናት ፊት በአንዴ ታየበት።

ለሚስትየው የቡድኑን የሬዲዮ ቅጂ ይዞ ሄደ። ላሰማት አላሰማት እያለ ሲያመነታ እሷው «ያሰሙኝ፤ ልጅ አይደለሁም» አለችው። ከፈተው። የሞተር ጩኸት፣ በጩኸቱ መሐል ደግሞ ፉጨት፤ ደስ ያለው ሰው ፉጨት። መጨረሻ ላይ «ኧረ!» የሚል አንድ ድምፅ፤ የመገረም ድምፅ። አበቃ።

ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ቅጂው አስጠጋች።

«እስቲ ፉጨቱን ይድገሙልኝ።»

ደገመላት።

«ይቺ እኮ…» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቅ አመለጣት። «ይቺ እኮ ክርክር ሲያሸንፈኝ የሚያፏጫት ናት! አላኮረፈም! ያ ተንኮለኛ፣ አሸነፍኳት ብሎ እኮ ነው!»

መካኒኩ ከበሩ ሆኖ ሲሰማ ነበር። «እታለም፣ ባዶ ሆዱንም አልነበረም» አለ። «ጋራዥ ደርሶ ሁለት እንቁላል በዳቦ በላ። ከዚያ የኔንም በላ።»

«የአንተንም?»

«የኔንም። ምሳ የለኝም ብሎ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ እንደገና አለቀሰች፤ መልሳ ሳቀች። ጋሽ እህሳም መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ተረግጦ እንደተገኘ፣ መሪውም ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ተጠምዞ እንደነበር ነገራት። ራሱ የዞረበት ሰው ይህን አያደርግም። መሪው ታዟል፤ ያልሰማው ጎማው ነው።

የቀረው መካኒኩ ነበር። እሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ደረቅ ነው። «አየህ ጋሼ፣ ጎማው አልሰማ ያለው ብሎኑ ስለወለቀ ነው» ይላል፤ ሌላ አይሰማም፤ ብስጭቱ ሲነሳበት «እርስዎ» ማለቱንም ይረሳል።

«ሸራውን ግለጠው» አለው ጋሽ እህሳ።

ሁለቱ ደረታቸውን መሬት ላይ ለጥፈው መኪናው ሥር ገቡ። ብሎኑ ቦታው ላይ ነው። ንቅንቅ አላለም። ጋሽ እህሳ ቁልፍ አቀበለውና «ፍታው» አለው። መካኒኩ ታገለ። ደም ሥሩ ተገተረ። ቀውላላውም ተጠርቶ መጣ፤ ሁለት ሆነው እየጎተቱ በስንት መከራ ፈቱት። ቀውላላው ልምምድ ረፈደብኝ ብሎ ወዲያው ሄደ።

«ይሄ ነው ላልቶ ወለቀ የምትለው?» አለ ጋሽ እህሳ። «አንተ ልጅ፣ ቀጥሎ ለሚፈታው ሰውም እዘንለት።»

መካኒኩ ዓይኑ ዘንጉ ላይ ተተክሏል። ዘንጉ ከብሎኑ አራት ጣት ርቆ ለሁለት ተሰብሯል። ሁሉም ሰው ግድግዳው የሰበረው መስሎት ነበር። ጋሽ እህሳ ስባሪውን ወደ ፀሐይ አወጣውና በማጉያ መነጽር አየው። የተሰበረው ፊት ግማሹ ያብረቀርቃል፤ ትኩስ ስብራት ነው። ግማሹ ግን ጥቁር ነው። በጥፍሩ ፋቀው። ቀለም!

«ልጄ፣ ቀለም የሚቀባው ብረቱ ላይ ነው ወይስ ስብራቱ ውስጥ?»

«ላዩ ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ሊያደርግ ገባ?»

መካኒኩ ካቻቢቴ አንስቶ የዘንጉን ላይ ቀለም ፈገፈገ። ከቀለሙ ሥር እንደ ጠባሳ የተንጋደደ የብየዳ መስመር ወጣ። ያረጀ፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ ዘንግ ነው፤ በጥድፊያ ተበይዶ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ። ብየዳው ሙሉ በሙሉ ያልያዘበት ቦታ ቀለሙ ሰርጎ ገብቷል።

«አዲስ እኮ ነው!» አለ መካኒኩ። «ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ ነው የገዛሁት!»

«ከማን?»

መለዋወጫ ሻጩ ሱቅ ሲደርሱ ሰውየው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር። መካኒኩን አየ። ከኋላው ጋሽ እህሳን አየ፤ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያም አየ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ የለሁበትም!»

ማንም ምንም አልጠየቀውም ነበር። ጋሽ እህሳ ሳቁን መግታት አልቻለም፤ ቦርጩ እስኪርገበገብ ሳቀ። ለስንት ቀን ጆሮው የናፈቀውን ቃል ነው የሰማው።

«ወንድሜ፣ አንተን እኮ ነው የምፈልገው» አለና ወንበር ሳበ። «እህሳ?»

ሻጩ ላብ በላብ ሆነ። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሁለት ካርቶኖች አወረደ። መካኒኩ ከፍቶ ፋቃቸው፤ ሁለቱም ላይ ያው ጠባሳ። አራት ነበሩ አለ ሻጩ፤ አንዱን ያው እናንተ ወሰዳችሁ።

«አራተኛውስ?»

«ለዚያ ለረጅሙ። ሰኞ ዕለት። 'እሑድ ስንነካካ የኔም ዘንግ ተጎድቶ እንዳይሆን፣ ለጥንቃቄ አዲስ ልቀይር' ብሎ…»

መካኒኩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ቀውላላው ከኛ ሲለይ ወደ ልምምድ ነው የሄደው!»

ጋሽ እህሳ ለፖሊስ ደውሎ ሱቁ እንዲጠበቅ አደረገ፤ መካኒኩ ለቀውላላው ቢደውል ቢደውል ስልኩ አይነሳም። የሚነዳ ሰው ስልክ አያነሳም። የውድድሩ ቦታ ጽሕፈት ቤትም ምሳ ወጥቷል። ተያይዘው ወደ ጋሽ እህሳ መኪና ሮጡ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ!»

«የመንግሥት መኪና ነው፤ አይፈቀድም» አለ ጋሽ እህሳና ነዳጅ ረገጠ።

መካኒኩ ያን ጉዞ እስከ ዛሬ ሲያወራው ይኖራል። ሰውየው በአርባ ጀመረ። «ጋሼ፣ ማርሽ ይቀይሩ!» ቀየረ። ስድሳ። ሰማንያ። ሞተሩ በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ነገር አይቶ ጮኸ። አደባባዩን በሁለት ጎማ የዞሩ መሰለው መካኒኩ፤ ጋሽ እህሳ ግን በየመገንጠያው ጠቋሚ መብራት ማብራቱን አልረሳም። በግንባሩ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ፣ መካኒኩ ይምላል፣ ፈገግታ ነበረ።

ሲደርሱ የቀውላላው መኪና ረጅሙ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነበረች። መካኒኩ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ፣ ከጥበቃው ጎጆ ቀይ ባንዲራ ነጥቆ፣ መንገዱ ዳር እየዘለለ አውለበለበ። መኪናዋ አንዴ ጮኸች፣ ተንሸራተተች፣ መታጠፊያዋ አፍ ላይ ቆመች።

ቀውላላው ሄልሜቱን አውልቆ በቁጣ ወጣ። «ምን ሆናችኋል! የዓመቱን ምርጥ ዙሬን አበላሻችሁብኝ!»

መካኒኩ ክሪክ አስገብቶ መኪናዋን አነሳና ተሳበ። ከሥር ሆኖ «ይምጡ ይዩ» አለ። ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀለሙን ከፍታ፣ ዘንጉን ግማሽ ድረስ ዞራዋለች።

ቀውላላው አየና ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መካኒኩን አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ጋሽ እህሳንም ሳመው፤ ባንዲራውን ፍለጋ የመጣውን ጥበቃም ሳመው። ጥበቃው ግራ ገብቶት ባንዲራውን ተቀብሎ ሄደ።

መለዋወጫ ሻጩ ከበያጁ ጋር ተያዘ፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ የተጣሉ ዘንጎች በጆንያ ተገኙ። እዚያም ቢሆን ሻጩ የበያጁን ጥፋት፣ በያጁ የሻጩን ጥፋት ሲያወሩ ዋሉ። ኮሚቴው ውድድሩን በሳምንት አራዘመና ማንኛውም አዲስ ዕቃ መኪና ላይ ከመገጠሙ በፊት እንዲፈተሽ ደነገገ። ፈታሽ ሆኖ የተመረጠው መካኒኩ ነው።

ጋሽ እህሳ በቅጹ ላይ ካሉት ሳጥኖች በአንዱም ላይ ምልክት አላደረገም፤ የሚሆን ሳጥን አልነበረምና። አራት ገጽ ሪፖርት በእጁ ጻፈ፤ ለኮሚቴው ከመስጠቱ በፊትም የጋሽ ፉጨት ሳሎን ውስጥ ለአራቱ አነበበላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ከረባት አስሮ ነበር የመጣው። «አሽከርካሪው ከእርሱ የሚጠበቀውን ሁሉ፣ በሰዓቱና በትክክል አድርጓል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሚስትየው ወረቀቱን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አወጣችና አንድ የተሳሳተ ፊደል አረመች።

«ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው።»

በውድድሩ ቀን ቀውላላው ሦስተኛ ወጣ። ሰበብ ሲደረድር ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የሰማው ሰው ግን አልነበረም። የጋሽ ፉጨት ሚስት እንደ ሌላው ጊዜ ግማሹን ውድድር ዓይኗን ጨፍና አልዋለችም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር ቆማ ጮኸች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትገባ ድምጿ ከነአካቴው ተዘግቶ ነበርና ተማሪዎቹ ያለ አንድ ቁጣ በሰላም ዋሉ።